ለረግረግ የሰፋሁት ጨርቅ

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ከባሌ ከተለያየን ሁለት ዓመት ሆኖናል፣ አዳማ ውስጥ ቦሎቄ መጋዘን እሠራለሁ። መጀመሪያ እንደሌሎቹ ሴቶች መሬት ተቀምጬ ለቃሚ ነበርኩ፤ የተሰበረውን ወዲያ፣ ጠጠሩን ወዲህ። የጆንያ መስፊያ ማሽኑን የሚይዘው ሰው የታመመ ጊዜ ግን "እስኪ እኔ ልሞክረው" ብዬ ያዝኩት። ያስተማረኝ ሰው የለም። ክሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ለማየት በምሳ ሰዓት ፈታሁት፤ መልሼ ስገጥመው አንዲት ብሎን ተረፈችኝ፤ እንደገና ፈታሁት። በሳምንቱ ከሰውየው ፈጥኜ እሰፋ ነበር። ድኖ ሲመለስ ሚዛን ላይ መደቡት። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታው ቀዝቀዝ ያለ ነው።

አንድ ቀን እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የደረቀባቸው ረዥም ሽማግሌ መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ስሰፋ ያዩኝ ጀመር። የመጋዘኑ ዕቃ ሊገዙ የመጡ መስሎኝ መስፋቴን ቀጠልኩ።

"እህቴ፣ ከዚህ የሚበልጥ ጆንያ ትሰፊያለሽ?" አሉኝ።

"ምን ያህል የሚበልጥ?"

"ከዚህ እስከዚያ ግራር ድረስ።"

ሳቄ መጣ። "ምን ሊገባበት ነው?"

"ምንም አይገባበትም። መንገድ ይቀመጥበታል።"

ጋሽ ደገፉን ያወቅኳቸው በዚህ ነው። የአንድ መንገድ ሥራ ተቋራጭ የአፈር ቴክኒሻን ነበሩ። መንገዱ ከመቂ አስፋልት ተነሥቶ ረግረጉን አቋርጦ ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚወርድ ነው፤ ረግረጉ ላይ አፈር ከመሙላታቸው በፊት ከሥር የሚነጠፍ ጨርቅ የሚሰፋላቸው ሰው አጥተዋል። ክፍያው ከመጋዘኑ ትንሽ ይሻላል። እኔን ያነሣሣኝ ግን ሌላ ነው። መንገዱ የሚያልፈው በተወለድኩበት ቀበሌ፣ ታናሽ ወንድሜ ቱሉ ሽንኩርት በሚያለማበት ማሳ ጥግ ነበር።

የዚያን አገር ገበሬ ችግር ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሽንኩርቱ ይደርሳል፣ ደላላው ይመጣል፣ አይሱዙው ግን አስፋልቱ ላይ ይቆማል፤ ጭቃው ውስጥ አይገባም። ገበሬው በአህያ ሲያመላልስ ሽንኩርቱ ይላጣል፣ ይደበደባል። ደላላው ቢፈልግ ይወስዳል፣ ባይፈልግ ጥሎት ይሄዳል። መንገድ ይሠራል ሲባል ታዲያ ከሁሉም በላይ የሮጠው ቱሉ ነበር። ስድስት ጎረቤቶቹን ከማሳቸው ዳር እየቆረሱ ለመንገዱ እንዲለቁ አሳመነ። አንዱ ሽማግሌ "ይህ ረግረግ ስንት ጋሪ ውጧል፣ መንገዱን አይውጥም?" ቢሉት፣

"ከሥር ጨርቅ ይነጠፍበታል፣ አባ። የምትሰፋው እህቴ ናት" አላቸው። በእኔ ስም ማለላቸው። ሲነግረኝ ደስ አለኝ፤ ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር።

ጨርቁን መጀመሪያ ሳየው የማዳበሪያ ጆንያ ነው የመሰለኝ። ያው ፕላስቲክ ነው፣ ጥቁር፣ ጥቅሉን ለማንሣት ስድስት ሰው የሚጠይቅ። በወረቀቱ ላይ ጂኦቴክስታይል ይላል፤ እኛ ጨርቁ እንለዋለን። የቀን ሠራተኞቹ "የመሬት ልብስ ሰፊ" የሚል ስም አወጡልኝ። "እትዬ ብዙነሽ፣ ለመሬቱ ቀሚስ ነው ወይስ ሱሪ?" ይሉኛል። "እንዳንተ ያለው ሲረግጠው እንዳያፍር ነው የማለብሰው" እላለሁ።

ሥራው ግን ቀልድ አልነበረም። ረግረግ ላይ አፈር ስትደፋ አፈሩ ዝም ብሎ ወደ ታች አይሰምጥም። ጭቃው ከሥሩ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ጭቃው ሲሸሽ የሙሌቱን እግር ይዞት ይሄዳል፤ መንገዱ መሐሉ ላይ ይሰነጠቅና ሁለት ቦታ ይከፈላል። ጨርቁ የሚነጠፈው ያንን ሽሽት ለመያዝ ነው። በመንገዱ ወርድ፣ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ፣ ሁለቱን እግሮች እንደ መቀነት ያስራቸዋል። ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም፤ ጋሽ ደገፉ በየቀኑ ጠዋት እየጠየቁ አስገቡልኝ።

ልማዳቸው ነበር። ካምፑ ውስጥ ያገኙትን ሰው፣ ሹፌርም ይሁን ወጥ ቤት፣ ከሰላምታ በፊት "ወዴት ይጎትታል?" ይሉታል። መልሱ "ወደ ጎን" ነው። "ወደ ታች" ያለ ሰው እስከ ምሳ ድረስ እየተከተሉ ያስረዱታል። ወጥ ቤቷ ድንች እየላጠች፣ ቀና ሳትል "ወደ ጎን፣ ጋሼ፣ እንደምን አደሩ" ትላቸው ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በመጋዝ ጭረት ምልክት ያደረጉባት የፌሮ ዘንግ አለቻቸው። ቁርስ ሳይበሉ ረግረጉ ውስጥ ይገቡና በየአሥር እርምጃው በእጃቸው ይወጓታል፤ ስንት ጭረት እንደገባች በተማሪ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ቀጥሎ ጫማቸውን አውልቀው እዚያው ይቆማሉ። "እግርሽ መውረዱን እስኪያቆም ቁሚና ቁጠሪ" አሉኝ አንድ ቀን። ቆምኩ። ሠላሳ ስደርስ ጭቃው ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ሁለት የቀን ሠራተኞች ጎትተው አወጡኝ። "እንግዲህ የምትሰፊለትን ሰው አወቅሽው" አሉ።

ጥቅሎቹን ፀሐይ እንዲያያቸው አይፈልጉም፤ ፀሐይ ጨርቁን ታደርቀዋለች ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። የተነጠፈ ጨርቅ አፈር ሳይለብስ ካደረ እንቅልፍ የላቸውም። ገልባጭ መኪና በባዶ ጨርቅ ላይ ጎማውን ካሳረፈ ደግሞ ሹፌሩን ያስወርዱትና ባዶ እግሩን እንዲሄድበት ያደርጋሉ።

ስፌቱን ያሳዩኝ በመጀመሪያው ቀን ነው። የሁለቱን ጨርቅ ጠርዝ እንደሚጸልይ ሰው መዳፍ ታጋጥሚያለሽ፣ ከጫፉ ሦስት ጣት ገብተሽ ትሰፊያለሽ፣ ከዚያ አንድ ጣት ለቀሽ ሁለተኛ መስመር ትደግሚያለሽ። ማሽኑ እንደ መጋዘኑ ማሽን በእጅ የሚያዝ ነው፤ ግን ሁለት ክር ይበላል፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። "ሁልጊዜ ሁለት ክር" አሉኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። ሁለተኛው ሕጋቸው "ስፌት በመንገዱ ርዝመት አይሄድም" የሚል ነበር። ጥቅሉ በወርዱ ስለሚነጠፍ ስፌቱም በወርዱ ይሄዳል፤ ጉተታው ስፌቱን ተከትሎ ያልፋል እንጂ ስፌቱን አይከፍትም። ስፌት በርዝመቱ ከሄደ ግን የመንገዱ ሸክም ሁሉ የሚያርፈው ክሩ ላይ ነው።

አራት ወር እንዲህ ሠራን። ረግረጉ ሊያልቅ ትንሽ ቀረው። መጋቢት ላይ የጋሽ ደገፉ እህት አሰላ ሞቱባቸውና ለቅሶ ሄዱ።

በሄዱ በሦስተኛው ቀን ጨርቁ አለቀ። የቀረው ስልሳ እርምጃ የማይሞላ ቦታ ነው፣ በቱሉና በጎረቤቶቹ የመስኖ ቦይ አጠገብ። መጋዘን ውስጥ ያሉት ቁርጥራጮች ናቸው፤ አንዳቸውም የመንገዱን ወርድ አይሞሉም። የሥራው ኃላፊ አቶ ሰይፉ ጠሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። የበልጉ ደመና ከዝዋይ በኩል ሲከማች እያዩ ነው፣ ከላይም ስልክ ይደወልባቸዋል።

"ቁርጥራጩን እርስ በርስ ቀጥይልኝ" አሉኝ።

"ከቀጠልኩት ስፌቱ በርዝመቱ ይሆናል። ጋሽ ደገፉ ይህን አይወዱም።"

"ጋሽ ደገፉ ለቅሶ ላይ ናቸው። ዝናቡ ለቅሶ አይደርስም።"

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእሳቸው ነው ማለት እችል ነበር። ቀጥሎ ያለው ግን የእኔ ነው። የማሽኑ የታችኛው ክር አልቋል፤ አዲሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አራት ቀን ይፈጃል ተባለ። አቶ ሰይፉ እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጫኑ። እኔ ነኝ "መላ አለኝ" ያልኩት። አዳማ ወርጄ የመጋዘኑን ማሽን፣ ያቺን በምሳ ሰዓት የፈታኋትን፣ ተውሼ መጣሁ። አንድ ክር ነው የምትበላው። ስንት ሺህ ጆንያ በእሷ ዘግቼ እስከ ጅቡቲ ወርዷል፤ አንድም መንገድ ላይ ተከፈተ ሲባል አልሰማሁም። ሁለት ክር የሚሉት የሽማግሌ ጥንቃቄ ነው አልኩ በልቤ። ሁለት መስመር አጥብቄ ሰፋሁ፣ ጫፉን ቋጠርኩ፣ ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ይዘው እንዲጎትቱት አደረግኩ። ያዘ። ነጠፍን፣ አፈሩ ተደፋ፣ ሮለሩ ሄደበት። አቶ ሰይፉ በሁሉም ፊት አመሰገኑኝ። ቱሉ በዚያ ሳምንት የመጀመሪያውን አይሱዙ እስከ ማሳው ድረስ አስገባ፤ ሰው ሠርግ እንዳለ ቆሞ አየ።

ዝናቡ መጣ። ሦስት ሳምንት ያህል እንደነገሩ ዘነበ። አንድ እሑድ ጠዋት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መንገዱ አናት ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አየ፤ ስንጥቁ በርዝመቱ ይሄዳል። ምሳ ሰዓት ላይ ክንድ ያስገባል። ሰኞ ጠዋት ያ ስልሳ እርምጃ ግማሽ ጎኑ ወደ ቦዩ ተንሸራቶ ተኝቷል፤ ከቦዩ ውስጥ ጭቃው እንደ ሆድ ተነፍቶ ወጥቷል። ሰው አልተጎዳም። ቦዩ ግን ተደፈነ፣ የሰባት ሰው ሽንኩርት ውሃ አጣ።

አቶ ሰይፉ የዚያኑ ዕለት ለወረዳው ጻፉ። የመስኖው ውሃ የሙሌቱን እግር ስላራሰው ነው፣ ቦዩ ይዘጋ የሚል ነው ደብዳቤው። ያ ቦይ ማለት ለቱሉ ሁሉም ነገር ነው። ሌላ የውሃ መንገድ የለውም፤ ሽንኩርቱ ገና ማበጥ መጀመሩ ነው። በዚያ ላይ መንገዱን አምጥቶ ቦዩን አዘጋ ሊባል ነው።

እኔ የተንሸራተተው ውስጥ ወረድኩ። ጨርቁ ከአፈሩ ውስጥ ጫፉ ወጥቶ ይታያል። ተቀዷል ብዬ ነበር። አልተቀደደም። ጠርዙ ደህና ነው፣ የመርፌው ቀዳዳዎች እንኳ አልሰፉም፣ በተርታ ተደርድረው ያዩኛል። ክሩ ብቻ የለም። ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ሳይ ጭቃው ላይ ተኝቷል፣ አንድ ወጥ፣ አንድም ቦታ ሳይበጠስ፣ እንደ ተፈታ ሹሩባ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የጆንያ ስፌት እንዲፈታ ተደርጎ የተሠራ ነው። ገዢው የክሩን ጫፍ አግኝቶ ሲስበው ጆንያው አፉን እንዲከፍትለት። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስንቱን ጆንያ በአንድ ስበት ከፍቻለሁ። ግን ስንሰፋ የመዝጋቱን ነገር እንጂ የመክፈቱን ነገር ማን ያስበዋል። ቋጠሮው አፈር ውስጥ ላልቶ አንዲት ጥልፍ ስትለቅ ሌላው ተከታትሎ ሄዷል።

ስፌቱ ያልተፈታበትን የጨርቁን ጫፍ በመቀስ ቆርጬ ያዝኩ።

ጋሽ ደገፉ በማግሥቱ ተመለሱ፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው። ወሰድኳቸውና አሳየኋቸው። ቁራጯን አገላብጠው አዩ።

"ክሩን ማን ነው ያስገባው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"ሰይፉ ያውቃል?"

"አያውቁም።"

"ሁለት ክር አልኩሽ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኩሽም። የእኔም ድርሻ አለበት" አሉና ቁራጯን መልሰው ሰጡኝ። ተናገሪ አላሉኝም፣ ዝም በዪም አላሉኝም። የፌሮ ዘንጋቸውን ይዘው ወደ ረግረጉ ሄዱ።

ስብሰባው በቀበሌው አዳራሽ ነበር። ሰባቱ ገበሬዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ በጠረጴዛው በኩል አቶ ሰይፉና የመንገዱ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ፣ ገና ወጣት ልጅ፣ ተቀምጠዋል። ቱሉ ተነሥቶ ተናገረ።

"ይህ ቦይ ከመንገዱ በፊት የነበረ ነው። ውሃው ዛሬ አልመጣም። እህቴ የሰፋችው ሌላው ቦታ ሁሉ ቆሞ የለም ወይ?"

"ሌላው ቦታ አጠገቡ ቦይ የለም" አሉ አቶ ሰይፉ።

መሐንዲሱ "እስኪጣራ ለጊዜው ይዘጋ" አለ።

መንገዱን ረግረጉ ይውጠዋል ያሉት ሽማግሌ "ኤዬ፣ ልጄ፣ ሽንኩርቱስ እስኪጣራ ይጠብቀናል?" አሉት። ሰው ሳቀ።

እጄን አወጣሁ። ቱሉ ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ ልደግፈው የተነሣሁ መስሎታል። ጨርቋን አወጣሁና አንደኛውን ጫፍ አቶ ሰይፉ እንዲይዙልኝ፣ ሌላውን መሐንዲሱ እንዲይዝልኝ ለመንኩ። "ጎትቱት" አልኩ። ጎተቱት፣ ያዘ። የአንዱን መስመር ክር ጫፍ ይዤ ሳብኩ፤ ጥርር ብሎ ሄደ። የሁለተኛውን ሳብኩ። ጨርቁ ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዳቸው እጅ ላይ ቀረ።

"ቦዩ አይደለም" አልኩ። "ስፌቱ ነው የተፈታው። የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ በጆንያ ማሽን፣ በአንድ ክር።"

"ማን አዘዘዎት?" አለ መሐንዲሱ።

"ቁርጥራጩን ቀጥይ ተብያለሁ። ክሩን የመረጥኩት ግን እኔው ነኝ።"

አቶ ሰይፉ አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ ደገፉ ከኋላ፣ ተቀምጠው እንዳሉ፣ "እኔም ያላስተማርኳት አለ፤ እሱም ይጻፍ" አሉ። ቱሉ ከአግዳሚው ተነሣ። አጠገቤ ሲደርስ ቆም አለና፣ ለብቻዬ፣ "እትዬ፣ እኔኮ በአንቺ ስም ነበር የማልኩት" ብሎኝ ወጣ።

ቦዩ አልተዘጋም፤ ተጠረገላቸው። ያ ስልሳ እርምጃ ተቆፍሮ ወጣ፣ አዲስ ጨርቅ በሙሉ ወርዱ ተነጠፈበት። እኔን ከማሽኑ አንሥተው ችካል ተሸካሚ አደረጉኝ፣ በቀን ሠራተኛ ደመወዝ። የሚቀልድብኝ ሰው ጠፋ፤ ከሁሉም የከበደኝ ያ ነው። ጋሽ ደገፉ ግን በምሳ ሰዓት ቁራጭ ጨርቅ እያመጡ ያሰፉኛል፣ ያስፈቱኛል፣ በሌላ ዓይነት ያሰፉኛል። አሁን ለምን የሚለውን እጠይቃለሁ። በአምስተኛው ወር ማሽኑን መለሱልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረዥም ነው፣ ግን ቶሎ ይነገራል። ባቱ ሐይቁ ዳር ሁለት ዓመት ሰፋሁ፤ እዚያ ንፋሱ ጨርቁን እንደ ሸራ እያነሣ ሁለት ሴቶች ይዞ ሊሄድ ነበር። ቆቃ በኩል ውሃው በየዓመቱ የሚወጣበት ሜዳ ላይ ሠራሁ። ዓለም ጤና፣ ሞጆ፣ መልካሳ አጠገብ አንዲት ትንሽ ድልድይ። አለቆች መጡ፣ ሄዱ፤ አንዱ እንደ ሴት ልጁ አከበረኝ፣ አንዱ ሙሉ ዓመት ስሜን ሳያውቀው ሄደ። ዘጠኝ ሴቶች ይህን ሥራ አስተማርኩ። እያንዳንዷን በመጀመሪያው ቀን በአንድ ክር አሰፋታለሁ፣ ከዚያ ክሩን ራሷ እንድትስበው አደርጋለሁ። ሲከፈት ፊቷን አየዋለሁ። ሌላ ምክር አልሰጥም።

ጋሽ ደገፉ ጡረታ ወጥተው አሰላ ገቡ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ። ለቅሶ ስደርስ ልጃቸው ደብተሮቻቸውን አሳየኝ፤ በየገጹ የጭረት ቁጥር ብቻ ነው።

አሁን ሥራው ተለውጧል። እንደ መረብ ያለ ጠንካራ ፕላስቲክ ይመጣል፣ ተደራርቦ ይነጠፋል፣ በሽቦ ይታሰራል፣ ስፌት የለውም። መጨረሻ የሠራሁበት ቦታ ማሽኔ ከሣጥኑ ሳይወጣ ሰባት ወር ተቀመጠ። ጥሩ ነገር ነው፤ ስፌት የሌለው ነገር አይፈታም። ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጣሁ። ስሄድ የማሽኑን ርክክብ ሦስት ቦታ አስፈረሙኝ።

የቱሉ ነገር ቀርቶኛል። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ሁለት ወር ያህል አላናገረኝም። ችካል ተሸክሜ በማሳው ዳር ሳልፍ ጀርባውን ይሰጠኛል። ሽንኩርቱን ሰበሰበ፣ በአይሱዙ ጫነ፣ ሸጠ። በመሐሉ የመሐንዲሱ የማጣሪያ ደብዳቤ ለቀበሌው ደረሰ። ምክንያቱ ስፌቱ ነው ይላል፤ የቦዩ ውሃም ጥቂት ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም፣ ነገር ግን ቦዩን ለመዝጋት የሚያበቃ አይደለም ይላል። ቱሉ ማንበብ አይችልም። ልጁን ሁለት ጊዜ አስነበባት አሉ።

ክረምቱ ሳይገባ ዶማውን ይዞ ወጣና ከመንገዱ ሃያ አምስት እርምጃ ርቆ፣ ከገዛ ማሳው ላይ ቆርሶ፣ አዲስ ቦይ መቆፈር ጀመረ። ያዘዘው ሰው አልነበረም። ጎረቤቶቹ በሦስተኛው ቀን ገቡለት፣ እኔ በአራተኛው። አካፋ አቀበለኝ። በአሥራ አንድ ቀን ጨረስን። ከዚያ አሮጌውን ቦይ በአፈር ሞላና በእግሩ እየረገጠ ደለደለው።